ያልጠጣበት አገር

ልጅ ሳለሁ፣ ያኔ ጥርሶቼ ወደ አርባ ይጠጉ ነበር፣ የነቀምቴ ዝናብ አንዴ ከጀመረ፣ ሲጀምር ልጃገረድ የነበረችው ወልዳ ሳትስም አያባራም ነበር። እኛ ቤት ግን ከዝናቡም ከመብረቁም ይልቅ የሚፈራው አንድ ሰዓት ነበር፤ ምሽት አስራ ሁለት። በዚያ ሰዓት ከቤታችን ቁልቁል አዴ ዲንቂቱ የአረቄ ቤቷን ኩራዝ ትለኩሳለች፤ የእናቴ ወንድም ቶላሳ፣ በእኛ አጠራር ኤሱማ፣ ያን መብራት ሲያይ መርፌውን ጨርቁ ላይ እንደሰካው ተነስቶ ሲወርድ፣ ሐኪም ቤት እስኪገባ ድረስ፣ ዓመታት አልፈዋል።

ኤሱማ ልብስ ሰፊ ነበር። አረቄውን ትቶ ከሐኪም ቤት ወደ እኛ የመጣ ሰሞን እጁ ሲንቀጠቀጥ የጣራችን ቆርቆሮ አብሮት ያጨበጭብ ነበር። መርፌው ላይ ክር የማስገባለት እኔ ነበርኩ። እናቴ አንድ ቀን ጓዳ ጠርታኝ፣ «ትልቅ ሰው በገመድ አይታሰርም፤ አንቺ በወሬ እሰሪልኝ። እራት እስኪቀርብ ከወንበሩ እንዳይነሳ» አለችኝ። ሐሙስ ሐሙስ ግን ለማንም ሳትቀር ጸሎት ቤት ከመዘምራኑ ጋር ትዘምራለች። «እዚያ ካልዘመርኩ እዚህ እናንተ ላይ ነው የምጮኸው» ትል ነበር።

ምሽት ላይ ኤሱማ የከሰል ካውያውን አፍ ከፍቶ ፍሙን እፍ ሲለው ፊቱ ከታች በኩል ይቀላል፣ ጭሱ ከኩራዙ ጭስ ጋር ተቃቅፎ ጣራው ስር ይዞራል፣ እርጥብ ሱፍ ሲተኮስ የሚሸተው ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ። «ሂቦ!» ይለኛል፤ በኦሮምኛ እንቆቅልሽ ማለቱ ነው። «ሂብ!» እላለሁ። መልሱን ካጣሁ አገር እሰጠዋለሁ፣ እሱም አገሩ ገብቶ ያየውን ይተርካል። መልሱን ብዙ ጊዜ አውቀው ነበር። ነገር ግን ማሸነፍ ምሽቱን ያሳጥረዋል፤ ስለዚህ በወለጋ ምድር እንደ እኔ የተሸነፈ ልጅ የለም። ጊምቢን ስሰጠው፣ ሱሪ ሊሰፋለት ከቁርጭምጭሚቱ መለካት የጀመረው ረጅም ሰው ወገቡ ጋ ሲደርስ የምሳ ሰዓት አልፎበት ስንቅ ፈታ። ሻምቡን ስሰጠው፣ ለብርዱ ኮት የሰፋላት በቅሎ በገበያ ስታልፍ ሦስት ሽማግሌዎች ባርኔጣቸውን አንስተው መንገድ ለቀቁላት።

አንድ ምሽት አገር አለቀብኝ። አርጆ ተሰጥቷል፣ ሲሬ ተሰጥቷል፣ አያና ተሰጥቷል፣ ኑኑ ቁምባን ሁለቴ ሰጥቼዋለሁ።

«ስጪኝ እንጂ! ወለጋን ጨርሼብሽ ነው?» እያለ ያሾፍብኛል።

እኔም በጣም የሚወደውን ልስጠው ብዬ፣ «የአዴ ዲንቂቱን ቤት ሰጠሁህ!» አልኩት።

ጓዳ ውስጥ ሳህን ወደቀ። ኤሱማ ካውያውን አስቀመጠ፣ ተነሳ፣ ኮቱን ከሚስማሩ ላይ አውርዶ ለበሰ፤ በሩን ከፍቶ ቁልቁል መብራቱን ያይ ጀመር። እኔ ለሦስት ቀን ያህል አልተነፈስኩም። እናቴ ከጓዳ ወጣች። በሩን አልዘጋችም፣ እጁንም አልያዘችም። ኩራዙን አንስታ ወንበሩ አጠገብ አስቀመጠችና፣ «ቶላሳ፣ ጨዋታው አላለቀም። ልጅቷ እየጠበቀችህ ነው» አለችው።

በሩን ዘጋው። ከዚያ ተመልሶ ኮቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ።

«እሺ፣ ገባሁ» አለ። «አንዲት ሙሽራ ነበረች። ቀሚሷ እኔ ጋ ነበር፣ እጅጌው አልተሰፋም። በሠርጓ ቀን እኔ እዚያ ቤት ነበርኩ። በእህቷ ቀሚስ ዳሯት። አለቀ።»

በቅሎ የለ፣ ረጅም ሰው የለ። እሱ ሳይጨምር የተረከልኝ ይሄንን ብቻ ነው፤ እኔም ሳልጨምር የምተርከው ይሄንን ብቻ ነው።

«ይህን አገር መልሼልሻለሁ» አለኝ።

«የተሰጠ አገር እኮ አይመለስም!» አልኩት፣ የጨዋታው ሕግ ነዋ።

«ሕጉን ተይው፣ ልጄ። እስከ ዛሬ የሰጠሽኝ አገር ሁሉ የጠጣሁበት ነው። ያልጠጣሁበት አገር ስጪኝ።»

ከየት ላምጣ? ያኔ አፌ ከእኔ ቀድሞ ተከፈተ። «ቡቡ ጡምባን ሰጠሁህ!»

«የት ነው እሱ ደግሞ?»

«ከኑኑ ቁምባ ወዲያ ነው።»

«ገበያው መቼ ይውላል?»

«በየቀኑ! ግን ልብስ ሰፊ የላቸውም፤ አገሬው ሁሉ ራቁቱን ተሰልፎ አንተን እየጠበቀ ነው!»

ሳቀ፣ ኮቱንም አወለቀ። ቡቡ ጡምባ ገብቶ ሲለካና ሲቆርጥ እራት ቀረበ። የእኔ ቀጣፊነት የተጀመረው ያን ምሽት ነው፤ ንስሐም አልገባበትም።

ከዚያ ወዲህ አልቀመሰም ብላችሁ ደስ ባለኝ፣ ለመጨመርም ምላሴን ይበላኛል። ግን ሁለት ጊዜ ወርዷል። ሁለቱንም ጊዜ እናቴ ወንበሩን ከቦታው አላነሳችውም፤ ሲመለስም የት ከረምክ አላለችውም። «ቡቡ ጡምባ እንዴት ሰነበተች?» ነው ያለችው። ከብዙ ጊዜ በኋላ እጁ ረግቶ ክሩን ራሱ ያስገባ ቀን ቤቱ ሁሉ ሲደሰት እኔ አኮረፍኩ።

አሁን እሱም የለም፣ እናቴም የለችም። እኔም አኮ፣ ማለትም አያት፣ የምባል አሮጊት ሆኛለሁ፤ አስራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ግን ዛሬም ጆሮዬ «ሂቦ!» የሚለኝን ድምፅ ይጠብቃል። ባለፈው ሰሞን ከገበያ ስመለስ ባጃጅ ውስጥ ገባሁና ሾፌሩ፣ «አኮ፣ ወዴት ነዎት?» ቢለኝ፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ «ቡቡ ጡምባ» አልኩት። አልሳቀብኝም። ሞተሩን አስነስቶ፣ «በየት በኩል ነው የሚኬደው?» ብሎ ጠየቀኝ።

አገሩን የሰጠሁት እኔ ነበርኩ፤ መንገዱን የሚያውቀው ግን ኤሱማ ነበር።