ልጡ የሚዞር ባሕር ዛፍ

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል፣ ጎንደር። አይሱዙው ሲነሳ ጎህ እየቀደደ ነው። እንጨት ነጋዴ ነኝ። ለአናጺው ለሙሉጌታ ባለፈው ጊዜ ያደረስኩለት ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ተጠማዘዘና የሠራቸው በሮች ግማሾቹ ይዘጋሉ፣ ግማሾቹ ያኮርፋሉ። «አሁንም እንደዚያው ካመጣህ ሌላ ነጋዴ እይዛለሁ» ብሎኛል። እሱን ካጣሁ የማገዶ ነጋዴ ሆንኩ ማለት ነው።

1 ሰዓት ተኩል፣ ዳባት። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፤ የገብስ ቂንጬው ግን ቅቤ ጠግቧል። ሹፌሬ ዳኛቸው ከውጭ ወሬ ይዞ ገባ።

«አለቃ፣ ባዶ አይሱዙ ቀድሞን ወደ ደባርቅ አልፏል። እንጨት ሊጭን ይሆናል።»

ቂንጬዬን ቆሜ ጨረስኩ።

3 ሰዓት፣ ከደባርቅ ወጣ ብሎ። የእትዬ ጥሩወርቅ ባሕር ዛፍ አፋፉን ሞልቶታል። እዚህ አገር ግንዱን በገጀራ የጫረ ገዢ ገዝቶታል፤ ሌላ አይነካበትም፣ እሱም አይመልሰውም። የአምናውን ዋጋ ስለማውቅ እሳቸውን ሳልጠብቅ፣ እንደ ጧፍ ቀጥ ያሉትን ሃያ መርጬ ጫርኩ። ራሴን ሳመሰግን እትዬ ጥሩወርቅ መጡ።

«እንዴት አደሩ፣ እትዬ?»

«እግዜር ይመስገን። ምነው፣ ሊሰርቅ እንደመጣ ሰው ቸኮልክ?»

«እንዳልቀደም ብዬ ነው።»

«ለምን ፈለግኸው?»

«ለበር።»

ሳቁ። «ለበር! እኔ የነዶ ማሰሪያዬን ከዚሁ ነው የምልጠው። እያንዳንዱን በልጡ አውቀዋለሁ።»

ከጫርኩበት ልጥ ይዘው ወደ ላይ ሳቡ። ልጡ እንደ መቀነት ግንዱን ዞሮ ወጣ። የሁለተኛውም ዞረ።

«ውስጡም እንዲሁ ነው። ጅማቱ የዞረ እንጨት ሲደርቅ ይጠማዘዛል።»

«ሁሉም አንድ ዓይነት ችግኝ አይደለም እንዴ? ካንድ መደብ ወጥቶ ባንድ ቀን የተተከለ?»

«እኔስ ስድስቱን ካንድ ማሕፀን አይደል ያወጣሁ? አንዱ ቄስ ነው፣ አንዱ እንዳንተ ነጋዴ።»

ከሃያው ልጡ ቀጥ ብሎ የወጣው ሰባት ብቻ።

«የቀረውን ይማሩኝ፣ እትዬ።»

«ጭረሃል፣ ልጄ።»

አለቀ። ያም ሆኖ ወደ ጥጉ ወሰዱኝ፤ ከሥራቸው ጎበጥ ብለው የበቀሉ፣ ዓይኔ የናቃቸው ዛፎች ዘንድ። የአንዱን ልጥ ሳብኩ፤ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ወጣ።

«መልካቸው ስለማያምር ገዢ የላቸውም» አሉ።

ስምንቱን ጨመርኩ። ይህን ጊዜ መጀመሪያ ላጥኩ፣ ከዚያ ጫርኩ። ከፍዬ፣ አስቆርጬ ስንጭን ቀድሞን ያለፈው አይሱዙ በመንገዱ ቁልቁል አለፈ፤ የጫነው ድንች ነው። ዳኛቸው አየኝ፤ እኔ ተራራውን አየሁ።

11 ሰዓት፣ ጎንደር። ልጣቸው የዞረውን አሥራ ሦስቱን ዳባት ላይ ለአጥር ሸጬ ነው የገባሁት፤ አላተረፍኩም፣ አላለቀስኩምም። ሙሉጌታ መኪናው ላይ ወጣ።

«ይኼ ጎባጣ ምንድን ነው? ልታሾፍብኝ ነው?»

«ፍለጠው» አልኩት።

ከአንዱ ጫፍ ቆርጦ በመጥረቢያ መታው። ስንጥቁ በማስመሪያ እንደተሰመረ ወረደ። ከሌላው ቆርጦ ደገመ፤ ያም ያው። ከዚያ ወደ ሠራተኞቹ ጮኸ፦ «አውርዱ! ጥላ ሥር ደርድሩት!»

እጁን እያራገፈ ወደኔ መጣ።

«ማክሰኞ ድገመኝ። ጎባጣውን ብቻ።»