ለሬፈሪው የተሸከምኩት ድንጋይ

መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ቶሮንቶ ካለነው ሐበሾች ውስጥ ፍሬን የሌለው ሞተር በመንዳት አንደኛው እኔ ነኝ። ሁለተኛ የለም። ብቻዬን ብሆንም አንደኛ አንደኛ ነው፤ ማንም አይወስድብኝም።

ትምህርት ላይ ግን ብዙም አይደለሁም። አስረኛ ክፍልን ሁለቴ ጀምሬ አንዴም አልጨረስኩም። ስለዚህ ፊደል ላይ ብስት አትፍረዱብኝ፤ ኩርባ ላይ ግን አልስትም።

ስፒድዌይን ለማታውቁ፣ ሜዳው ሞላላ ነው፣ መሬቱ አፈር። አራት ሰው ይሰለፋል፣ አራት ዙር ይነዳል፣ መታጠፍ ወደ ግራ ብቻ ነው። ሞተሩ አንድ ማርሽ ነው ያለው። ፍሬን የሚባል ነገር ጭራሽ የለውም። የሚጠጣው አልኮል ነው። እኔ አልጠጣም፤ ከሁለታችን ሰካራሙ እሱ ነው። ኩርባ ላይ የኋላ ጎማውን እያንሸራተትክ፣ ግራ እግርህን መሬት ላይ እየጎተትክ ነው የምትዞረው። ለዚህ ሲባል ግራ ጫማዬ ስር ብረት አለ። አባቴ መጀመሪያ ቀን ሲያየው፣ «ፈረስ ሆንክ እንዴ? የቀሩት ሦስቱ የታሉ?» አለኝ።

ከሰኞ እስከ አርብ ሬክስዴል፣ ኤርፖርቱ አጠገብ፣ አንድ ዌርሃውስ ውስጥ ካርቶን እጭናለሁ። ቅዳሜ ሞተሬን ቫን ላይ ጭኜ ከከተማ እወጣለሁ። ክፍያው በነጥብ ነው። አንደኛ የወጣ ሦስት፣ ሁለተኛ ሁለት፣ ሦስተኛ አንድ ያገኛል፤ አራተኛ የወጣ ደግሞ አፉ ሙሉ አፈር ይዞ ይገባል። ጥሩ ቅዳሜ ከሆነ ያገኘሁት ጎማ ይገዛል። መጥፎ ቅዳሜ ከሆነ ጎማው እኔን ይሸጠኛል። እና እውነቱን ለመናገር፣ ይሄ ሥራ ያኔ ሥራ አልነበረም። ካርቶን የሚከፍልለት ዕብደት ነበር።

ባለፈው ዓመት ግን የሜዳው ባለቤት አንድ ወረቀት ለጠፈ። በጋውን ሙሉ አሜሪካ እየዞሩ የሚወዳደሩ አራት ሰዎች ሊወስድ ነው። ሆቴል በእሱ፣ መጓጓዣ በእሱ፣ ክፍያው ቋሚ ሆኖ ነጥብ ደግሞ ተጨማሪ። አራተኛው ስም የኔ ነበር። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በመንዳት ብቻ ልኖር ነው! ለዌርሃውሱ ሱፐርቫይዘር ነገርኩት። ለቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ ነገርኩ። ሻንጣ ሁሉ ገዛሁ።

ወረቀቱ ግርጌ ላይ ግን አንድ መስመር ነበረች። የሥነ ምግባር መዝገቡ ንጹህ ያልሆነ አይሄድም ትላለች። የሥነ ምግባር ሕጉ እኮ ሞተር የምናዘጋጅበት ቦታ መግቢያው ላይ ተሰቅሏል። ገመድ አትንካ፣ አትሳደብ፣ ሬፈሪ አትዳፈር፣ ንጹህ ልበስ ይላል። አንብቤዋለሁ። ማለቴ አይቼዋለሁ።

ገመድ ማለት ይሄ ነው። መነሻው ላይ ደረትህ ፊት ተዘርግቶ፣ ውድድሩ ሲጀመር ወደ ላይ ይፈናጠራል። ሳይነሳ ከነካኸው ከዚያ ውድድር ውጪ ነህ። ስለዚህ ጥበቡ ሁሉ ግራ እጅህ ላይ ነው። ፍሪሲዮኑን ይዞ መጠበቅ። መጠበቅ ደግሞ እኔ ያልተማርኩት ሌላው ትምህርት ነው።

ያን ቅዳሜ ተሰለፍኩ። ሞተሩ ይጮሃል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል። ገመዱ ደረቴን ነካ ሲያደርገኝ ተሰማኝ፤ ቀይ መብራት በራ፣ ሬፈሪው አስወጣኝ። ሬፈሪው ማማው ላይ፣ መስታወት ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ ነው የሚያየን። ስልሳ ዓመት ያለፈው፣ ዱሮ ራሱ የነዳ፣ ወገቡ የጎበጠ ሰውዬ ነው። እኔም ሞተሬን ማማው ስር አቆምኩና የብረት ጫማዬን አውልቄ ወረወርኩት። መስታወቱን አልመታሁም። ዒላማዬ ጥሩ ስለሆነ ልመታው ብል እመታው ነበር። ጫማዬ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ቀረ። ከዚያ በአንድ እግር እያነከስኩ በአማርኛ ተሳደብኩ። ሕዝቡ በጣም ነው ያጨበጨበው።

የመወዳደሪያ ላይሰንሴን ወሰዱት። የሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት ሂሪንግ አለህ፣ ሬፈሪው ፊት ቀርበህ ትጠየቃለህ ተባልኩ።

ሰው ቀርጾኝ ኖሮ፣ ቪዲዮው እኔ ቤት ከመድረሴ በፊት አባቴ ጋ ደርሷል። አባቴ ፓርኪንግ ጠባቂ ነው፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም፤ እሱ ነው የሚያስፈራው።

«ሰውየው ስንት ዓመቱ ነው?» አለኝ።

«እኔ እንጃ፣ ስልሳ ምናምን።»

«በአባትህ ዕድሜ ባለ ሰው ላይ ጫማ ወረወርክ?»

«አባዬ፣ ተራ ጫማ እኮ አይደለም፣ ስሩ ብረት ነው።»

«ባሰ!» አለ። «ገመዱን ነክተሃል፣ አልነካህም?»

«አልነካሁም! ንፋስ ነው።»

«ንፋስ» አለ አባቴ። «እሺ። ሽማግሌ እንልካለን።»

«አባዬ በናትህ፣ ይሄ ካናዳ ነው! ኢሜይል ነው የሚላከው።»

«ኢሜይል ወድቆ አይለምንም» አለና ስልኩን አነሳ።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሽማግሌዎች ከጄን ኤንድ ፊንች ሰፈር በአንድ ታክሲ መጡ። ሱፍ ለብሰው፣ በላዩ ነጠላ ጣል አድርገው። መሪያቸው ባለ ታክሲው ራሳቸው ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ተሳፋሪ ሲያዋሩ ስለኖሩ እንግሊዝኛ የሳቸው ነው። ሁለተኛው ሽማግሌ ጆሯቸው አይሰማም። ሦስተኛው ሥራቸው «ልክ ነው» ማለት ነው።

አባቴና እኔም ተሳፈርን። ባለ ታክሲው መንገድ ላይ የአትክልት ዕቃ መሸጫ ሲያዩ መኪናውን አቆሙ።

«ድንጋይ ያስፈልጋል» አሉ።

«ልክ ነው» አሉ ሦስተኛው።

ለማያውቀው፣ ዱሮ አገር ቤት የበደለ ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ የተበደለው ፊት ይቆማል። ይቅር የተባለ ቀን የተበደለው ያወርድለታል። እኔ ይሄን በወሬ ነው የማውቀው። ሽማግሌዎቹም ካዩት ብዙ ጊዜያቸው ይመስለኛል፣ ምክንያቱም መጠኑ ላይ ተጣሉ።

«ይቺ ትበቃዋለች» አለ አባቴ፣ አንዷን ትንሽ እያሳየ።

«ጫማውኮ የብረት ነው» አሉ ባለ ታክሲው። «ጥፋቱ ስንት ኪሎ ይሆናል? ያቺን ትልቋን አንሳ አንተ ልጅ።»

ካሸሯ ልጅ፣ «ለጓሮ ነው?» ብላ ጠየቀች።

«ለዚህ ልጅ አንገት ነው» አሏት በእንግሊዝኛ፣ በትሕትና። ከዚያ ወዲያ ምንም አልጠየቀችንም። ደረሰኝ መስጠትም ረሳች።

ሜዳው ገና ሰው አልገባበትም። የሬፈሪው ቢሮ ማማው ስር ነው። ድንጋዩን አንገቴ ላይ ጫኑልኝ፤ ዋጋው የተጻፈበት ስቲከር ጆሮዬ ስር ይጣበቃል። ሦስቱ ሽማግሌዎችና አባቴ ነጠላ ለብሰው ከኋላዬ ተደረደሩ። ባለ ታክሲው አንኳኩ።

በሩ ተከፈተ። አሁን እናንተ በሰውየው ቦታ ሁኑ። ባለፈው ሳምንት ጫማ የወረወረባችሁ ጎረምሳ፣ ዛሬ ድንጋይ ይዞ መጥቷል። ሰውም ጨምሮ።

በሩ ተዘጋ። ተቆለፈም። ውስጥ በሬዲዮ ሲጣራ ይሰማናል።

እኔ አለቀልኝ ብያለሁ። ሽማግሌዎቹ ግን ፊታቸው በራ።

«ጥሩ ነው» አሉ ባለ ታክሲው። «መጀመሪያ እምቢ ማለት ያለ ነው። ክብሩን የሚያውቅ ሰው ነው።»

«ልክ ነው።»

«ምን አለ?» አሉ የማይሰማቸው ሽማግሌ።

«እምቢ አለ!»

«ጨዋ ነው» አሉና በሩ ላይ ነጠላቸውን አስተካክለው ቆሙ።

የሜዳው ባለቤት እየሮጠ መጣ። እጁን አጣምሮ ግድግዳ ተደግፎ ያየናል። ባለ ታክሲው አፋቸውን በሩ ላይ አስጠግተው በእንግሊዝኛ ጀመሩ።

«ጌታዬ፣ ድንጋዩ ለእርስዎ አይደለም! ለልጁ ነው!»

«ታዲያ ለምን ይዞብኝ መጣ?» አለ ሬፈሪው ከውስጥ።

«ይቅር ብዬሃለሁ እስኪሉት አያወርደውም።»

«ባልልስ?»

«እኛ ጊዜ አለን፣ ጡረታ ወጥተናል።»

አንገቴ ግን ጡረታ አልወጣም! ላቤ አፍንጫዬ ጫፍ ላይ ይንጠባጠባል። ብዙ ቆይቶ በሩ ጥቂት ተከፈተና አንድ ዓይን ታየ። ዓይኑ እኔን አየ፣ ድንጋዩን አየ፣ ስቲከሩን አነበበ መሰለኝ።

«አንድ ጥያቄ አለኝ» አለ። «ገመዱን ነክተሃል?»

ንፋሱን ላወራለት አፌን ከፈትኩ። ሳምንቱን ሙሉ ለሰው ሁሉ ያወራሁት ነው፣ አቅጣጫው ሳይቀር በደንብ ተጠንቷል። አባቴ ከኋላዬ ቀስ ብሎ በአማርኛ፣ «እሱን ተሸክመህ እንዳትዋሽ፣ ልጄ» አለኝ።

ባለቤቱ ቆሟል። ነካሁ ካልኩ መዝገቤ ላይ ተጻፈ ማለት ነው፤ አሜሪካ ቀረች፣ ዌርሃውስ ተመለስኩ ማለት ነው። ሻንጣው ገና ከነላስቲኩ ነው።

«ነክቻለሁ» አልኩ። «ፍሪሲዮኑን ቀድሜ ለቀቅኩ። ስሜን ወረቀቱ ላይ ካየሁ ጀምሮ እጄ አላርፍ ብሎኛል። ጫማውም... ጫማውም ጥፋት ነው።»

ይህን ስል ድንጋዩ ቀለለኝ ብላችሁ ውሸት ነው። ያው ነው። እንደውም ባሰበት።

በሩ ሙሉ ለሙሉ ተከፈተ። ሬፈሪው ወጥቶ ድንጋዩን በሁለት እጁ ያዘ። ማንም አልነገረውም እኮ፣ የተበደለው ነው የሚያወርደው። ሊያነሳ ሲል ወገቡ ያዘውና «ኦ!» አለ፤ እኔም ቀና ብዬ ከታች ደገፍኩት፤ አብረን አወረድነው። ለትንሽ ጊዜ ማን ይቅርታ እንደጠየቀ አይታወቅም ነበር።

«ይቅር ብዬሃለሁ» አለ። «ቅጣቱ ግን ቅጣት ነው። ሁለት ቅዳሜ አትነዳም።»

«አንድ ያድርጉልን» አሉ ባለ ታክሲው።

«እዚህ ክርክር የለም።»

«ስንት አለ?» አሉ የማይሰማቸው።

«ሁለት!»

«ደህና ነው፣ ጨርሱ።»

«ልክ ነው።»

የሜዳው ባለቤት ያኔ ነው የተናገረው። «አራተኛነቱን አልሰጥህም፤ ሕጉን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ መዝገብህም ንጹህ አይደለም። ግን እዚህ ሜዳ ላይ ይሄን ሁሉ ዘመን ስሠራ፣ ገመዱን ነካሁ ያለ ሰው ዛሬ ገና ማየቴ ነው። ተጠባባቂ ሆነህ ና። ቫኑን ትነዳለህ፣ አፈሩን ትደለድላለህ። ሰው ከጎደለ ትገባለህ፣ ያኔ ይከፈልሃል።»

ተጠባባቂ! እኔ! የቶሮንቶ አንደኛ! ግን አባቴ ክርኑን ጎኔ ውስጥ አስገባልኝና «አመሰግናለሁ» አልኩ።

ሁለቱን ቅዳሜ ትራክተር ስነዳ ዋልኩ። ትራክተር ፍሬን አለው፤ በጣም ይደብራል። ጫማዬን በመሰላል ወጥቼ ጣሪያው ላይ አገኘሁት፤ ወፍ ገብቶበታል። ድንጋዩን ደግሞ ሬፈሪው የሥነ ምግባር ሕጉ ስር አስቀመጠው፣ ከነስቲከሩ። አሁን አንዱ መጮህ ሲጀምር ሬፈሪው አይመልስለትም፤ ድንጋዩን ብቻ ነው በጣቱ የሚያሳየው። በቀደም ከእርሻ የመጣ ቀይ ፀጉራም ልጅ ሬፈሪውን ሰድቦ ደወለልኝ። ሽማግሌዎችህን ታከራየኛለህ ወይ ይለኛል። ለባለ ታክሲው ነገርኳቸው። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው፣ «ስንት ኪሎ ነው?» ነበር።

አሜሪካ ሦስት ሳምንት ቫን ነድቼ፣ አፈር ደልድዬ፣ ሳንድዊች ገዝቼ፣ በአራተኛው ሳምንት አንዱ ጉልበቱን አመመውና ግባ ተባልኩ። ተሰለፍኩ። ገመዱ ደረቴ ፊት ነው። እጄ መንቀጥቀጡን አልተወም፤ ግን አንገቴ ያን ስቲከር አስታወሰ መሰለኝ፣ ጣቶቼ አልተከፈቱም። ገመዱ ተነሳ። ሁሉም ሄዱ። ከሁሉም በኋላ ሄድኩ! እንደዚያ ዘግይቼ ተነስቼ አላውቅም። መጨረሻው ኩርባ ላይ አንዱን በውስጥ በኩል አልፌ ሦስተኛ ገባሁ። አንድ ነጥብ። በመንዳት ብቻ ያገኘሁት የመጀመሪያ ደሞዝ እሷ ናት፤ ዓለም ዋንጫ የበላሁ ያህል ነው ለቡድኑ ሁሉ ያወራሁት።

ወዲያው ለአባቴ ደወልኩ።

«አባዬ፣ ነዳሁ! ሦስተኛ ወጣሁ!»

«ገመዱን ነካህ?» አለ።

«አልነካሁም።»

«ንፋስ ነበር?»

«ነበር» አልኩት።