ሊማሊሞ ላይ ዝም ያለው ሞተር

ከጎንደር የተነሣሁት አዲ አርቃይ ለሚገኙ የፊዚክስ መምህራን ስልጠና ልሰጥ ነው። ጊዜው የ1990ዎቹ ማብቂያ አካባቢ ሲሆን መንገዱ ገና አስፋልት አልለበሰም ነበር። ሞላዎች፣ ክብደቶችና አንድ መዘውር ያጨቅሁበትን ካርቶን ታቅፌ ማለዳ መናኸሪያ ደረስኩ፤ ከሹፌሩ ኋላ ያለውን ወንበር አገኘሁ። አጠገቤ የተቀመጡት እትዬ ዘይነብ የሚባሉ የጎንደር ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። አዲ አርቃይ የተዳረች ልጃቸው የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ መቃረቧን ሰምተው ነው የሚሄዱት። ከመተላለፊያው ማዶ አያ ደሴ የተባሉ የዛሪማ ገበሬ አሉ፤ ጎንደር ዓይናቸውን ታክመው መመለሳቸው ነው።

ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲያ

ወለቃን አልፈን ዳገቱን ስንያያዘው አውቶቡሱ እየጮኸና ጥቁር ጭስ እየተፋ ተሳበ። አምባ ጊዮርጊስ ላይ ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ ገብቶ ጉልበቴን ያዘኝ። ከዚያ ቁልቁለት መጣ፤ ሞተሩም ድንገት ዝም አለ። ፍጥነታችን ግን ጨመረ።

አንገቴን አስግጌ አየሁ። የማርሹ ዘንግ ላላ ብሎ ይወዛወዛል። ሹፌሩ ማርሹን አውጥቶ መኪናውን በራሱ ክብደት እየለቀቀው ነው። ማርሽ ሲገባ ሞተሩም ጎማውን ይይዘዋል፤ ሲወጣ ግን ያን ሁሉ ክብደት የሚይዘው ፍሬኑ ብቻ ነው። ዳገት ስንወጣ ያጠራቀምነው ኢነርጂ ስንወርድ ወይ ፍጥነት ይሆናል፣ ወይ ፍሬኑ ላይ ሙቀት ይሆናል። እዚህ ቁልቁለቱ አጭር ነው። ሊማሊሞ ግን ከፊታችን ነበር።

ደባርቅ

ለምሳ ቆምን። ሽሮ በቃሪያ አዝዤ ሳልጨርሰው ወጣሁ። ጌታሁን የሚባለው ሹፌራችን የኋላ ጎማው ላይ በባልዲ ውኃ ያስደፋል። ውኃው ቸስ ብሎ ተነነ።

«ምን ሆኖ ነው?» አልኩት።

«አቧራ ነው የማጥበው» አለ እየሳቀ።

ሳቁን አላመንኩትም። «ሊማሊሞን በማርሽ ነው አይደል የምትወርደው?»

«መምህርት፣ አንቺ ጠመኔሽን ያዢ፤ መሪውን ለእኔ ተይው።»

ዕቃዬን አውርጄ ልቅር ብዬ እትዬ ዘይነብን አማከርኳቸው። «እኔስ ደባርቅ ማደር አልችልም፤ ልጄ ምጥ ላይ ትሆናለች» አሉኝ፣ ዓይን ዓይኔን ሳያዩ። ምናልባት እኔው ነኝ ፈሪ ብዬ ተሳፈርኩ።

ሊማሊሞ

የመጀመሪያዎቹን ጥምዝምዞች በማርሽ ወረድናቸው። ሰውየውን በከንቱ ጠረጠርኩት እያልኩ ሳለ ሞተሩ እንደገና ዝም አለ። ብዙም ሳይቆይ የተቃጠለ ጎማ የመሰለ ሽታ ከወለሉ መጣ። ብድግ አልኩ።

«ማርሹን አስገባ!»

«ተቀመጪ!»

«ፍሬኑ ግሏል! አይሸትህም?»

«ምነው ልጄ» አሉ አያ ደሴ፤ «ሰውየውን አታስደንግጭው። ሸጋ አድርጎ እየነዳ አይደለም?»

ከኋላም «አስቀምጧት!» የሚል ጩኸት መጣ።

ጌታሁን ፍሬን ረገጠ። ደግሞ ረገጠ። እግሩ እስከ ወለሉ ሲሰምጥ አየሁ፤ ማጅራቱን ላብ አጠመቀው። ማርሹን ሊያስገባ ታገለ፤ የማርሹ ጥርስ ተንገጫገጨ እንጂ አልገባም። ፍጥነታችን ከልክ አልፏል። ከፊታችን ያለው መታጠፊያ ላይ ከገደል በቀር የሚታይ ነገር የለም። ይሄኔ መሪውን ወደ ተራራው ጠመዘዘው። የአውቶቡሱ ጎን ዓለቱን እየፋቀ፣ መስታወቱ እየረገፈ ተንገጫግጨን፣ ለመንገድ ጥገና የተከመረ ጠጠር ውስጥ ገብተን ቆምን። ያዳነን የዚያ ዓለትና የዚያ ጠጠር ሰበቃ ነው።

ሰው አልሞተም። የእትዬ ዘይነብ ክንድ ተሰበረ፤ የብዙዎቻችን ፊት ተጫረ። ተሳፋሪው እያለቀሰ ጌታሁንን ሳመው። እውነትም መሪውን ባያዞረው አልቀን ነበር።

እሱ ግን ወደ ዳር ሳበኝ። «መምህርት፣ ፖሊስ ሲመጣ ፍሬኑ ድንገት ከዳው በይልኝ። የአውቶቡሱ ባለቤት ነዳጅ ለክቶ ነው የሚሰጠኝ፤ ከጎደለ ከደመወዜ ይቆርጣል። ማርሽ ካላወጣሁ አይበቃኝም።» እንባው ይወርዳል። አዘንኩለት፤ እንባውን ግን ሙሉ በሙሉ አላመንኩትም።

ትራፊክ ፖሊስ ከደባርቅ ሲመጣ ያየሁትን ነገርኩት፤ ስለ ነዳጁም ጭምር። «ያዳነንን ሰው!» ብለው አያ ደሴ ፊታቸውን አዞሩብኝ። ፖሊሱም የቱን እንደሚያምን ቸግሮት አንዴ እኔን አንዴ ጌታሁንን ያያል። እትዬ ዘይነብ ክንዳቸውን በሻርፓቸው አስረው ቀረቡ።

«ልጅቷ እውነቷን ነው። ሽታው እኔንም ሸቶኛል። ለመድረስ ስለቸኮልኩ ዝም አልኩ።»

ወደ ቤት

በአንድ የጭነት መኪና ተጭነን አዲ አርቃይ ገባን። እትዬ ዘይነብ የልጅ ልጃቸውን በደህናው ክንዳቸው አቀፉት። እኔም በተጣመሙት ሞላዎቼ ስልጠናውን ሰጥቼ ጎንደር፣ ቁስቋም ወደሚገኘው ቤቴ ተመለስኩ።

ኢነርጂ አይጠፋም፣ መልኩን ይለውጣል እያልኩ ለዓመታት ሰሌዳ ላይ ጽፌያለሁ። ጉዞው ያስተማረኝ፣ አንድ ሰው ቆጠብኩ ሲል የቆጠበው ነገር ማን ላይ እንዳረፈ መጠየቅን ነው። የዚያ ባለቤት ቁጠባ እኛ እግር ሥር ሙቀት ሆኖ ነበር።

ከወራት በኋላ አውቶቡሱን ተጠግኖና አዲስ ቀለም ተቀብቶ መናኸሪያው ውስጥ አየሁት። ጌታሁን መንጃ ፈቃዱን ተቀምቷል፤ መሪው ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል። የአውቶቡሱን ባለቤት በሕግ የጠየቀ ሰው ስለመኖሩ አልሰማሁም። ወደ መስኮቱ ጠጋ ብዬ ሹፌሩን ሰላም አልኩትና፣

«ነዳጁን ማን ነው የሚለካልህ?» አልኩት።

ገረመመኝ። መስታወቱን ዘጋው።