በየማለዳው የሚመለስ ሰዓት

ሴት ልጄን አለቃዋ የቀጠራት ለሙከራ ነበር። የስደተኛ ወረቀት አይቶ በር የሚከፍት ቀጣሪ ናይሮቢ ውስጥ ብዙ የለም፤ ስለዚህ የሙከራው ጊዜ ሲያልቅ ያስቀራታል ወይስ ያሰናብታታል የሚለው ሐሳብ አብሮኝ ይተኛል፣ አብሮኝ ይነሣል።

ቢሮው ዌስትላንድስ ነው፤ ለትምህርት ቤቶች ኮምፒውተር ያስገባል። ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን የተሰጣት ሥራ ፓርክላንድስ የሚገኝ አንድ የሙያ ኮሌጅ ነበር። እኔ ትምህርቴን ገና በልጅነቴ ያቋረጥሁ ሰው ስለሆንሁ እንዴት እንደሚሠራ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ፕሮግራም በእያንዳንዱ ማሽን ላይ አንድ በአንድ አይጫንም። አንዱ ብቻ በደንብ ይሰናዳል፤ ከዚያ የእሱ ቅጂ ተወስዶ በሌሎቹ ሁሉ ላይ ይገለበጣል። ቅጂውን ኢሜጅ ይሉታል። በመጀመሪያው ላይ ያለ ነገር፣ ጥሩም ይሁን መጥፎ፣ ወደ ሁሉም ይሄዳል።

ቢሮው ትርፍ ማሽን ስላልነበረው አለቃዋ ቤት እንድታሰናዳው ፈቀደላት። ቤት ያለን ኮምፒውተር ከኮሌጁ ማሽኖች ጋር አንድ ዓይነት ነው። የወንድሟ ነበር።

ወንድ ልጄን ያጣሁት ቲካ መንገድ ላይ ነው፤ በቦዳ ቦዳ፣ በኪራይ ሞተር ብስክሌት፣ ወደ ሥራ ሲሄድ መኪና ገጨው። ከዚያ ወዲህ እህቱ ማታቱ ታክሲ ስትሳፈርም ስትወርድም ካልደወለችልኝ እጄ ሥራ አይዝም። ኮምፒውተሩ ግን ሳሎን ጥግ እንደተቀመጠ ቀረ፤ መዝሙር ያሰማናል፣ ሰዓት እናይበታለን። ልጄ ለሥራው ስታሰናዳው የወንድሟን ፎቶዎች ወደ ፍላሽ ገለበጠች፤ ስሙን ከመግቢያው ላይ አጠፋች፤ የቀረውንም ጠረገች። ስትጨርስ «ንጹሕ ነው» አለች። እኔ ተነሥቼ ሽንኩርት መላጥ ጀመርሁ።

ቅጂው በኮሌጁ ማሽኖች ላይ ሲገለበጥ ሁሉም ደኅና ነበር። በማግሥቱ አስተማሪዎቹ «ሰዓታቸው ተዛብቷል» ብለው ጠሯት። ሄዳ በእጇ አስተካከለች። ገና ወደ ቢሮ ስትመለስ ደግሞ ተደወለ፤ ተማሪዎቹ የይለፍ ቃላቸውን ቢያስገቡ ማሽኑ አላስገባ አለ፤ ድረ ገጽ ሲከፍቱ አደገኛ ነው እያለ ይመልሳቸዋል። ማሽኖቹ ትክክለኛውን ጊዜ ከኢንተርኔት እንዲወስዱ ስታደርግ ተማሪዎቹ ገቡ። ጠዋት ግን ሰዓቱ ወደ ዱሮው መዛባት ተመልሶ ተገኘ። እንደገና ታስተካክላለች፤ እንደገና አያስገባም። በውስጣቸው ያለችውን ትንሽ ባትሪ ለወጠች። ኬብል ፈተሸች። አንዳንዶቹን ከሥር አጥፍታ ቅጂውን እንደ አዲስ ጫነች፤ እነሱም ያንኑ በሽታ ይዘው ተነሡ።

የሥራ ባልደረባዋ የባሕር ዳርቻ ሰው ነው። ስልኳ ድምፁ ከፍ ብሎ ተከፍቶ ስለነበር ሲቀልድባት ሰማሁት።

«ጂኒ ገብቶባቸዋል፣ ሲስተር! ሞምባሳ አምጪያቸው፤ አክስቴ ታስወጣልሻለች።»

«አክስትህ ሪስታርት ማድረግ ትችላለች?»

«እሷ የማታስነሣው ነገር የለም፣ ሙትም ቢሆን!»

ልጄ ሳቀች። እኔ ግን ቀልዱን አልወደድሁትም። በእምነታችን ሙት አይመለስም፤ ፓስተራችን ደጋግሞ ነግሮናል። ቢሆንም እሷ በእጇ ያቀናችውን ነገር ሌላ እጅ በየማለዳው እንደሚመልሰው ሆኖ ይታየኝ ጀመር። ያ ማሽን የማን እንደነበረ አውቃለሁ። እንዲህ ማሰብ ኃጢአት ነው ብዬ ንስሐ እገባለሁ፤ ሳህን ሳጥብ ደግሞ ይመጣብኛል።

አንድ ቀን ምሳዋን ረስታ ሄደች። ላቪንግተን ተቀጥሬ የማበስልበት ቤት ሰዎቹ ስላልነበሩ እኔው ኮሌጁ ድረስ ይዤላት ሄድሁ። ጥበቃው «ካሪቡ፣ ማማ» ብሎ አስገባኝ። ልጄ ጠረጴዛ ሥር ገብታ ገመድ ትጎትታለች፤ አለቃዋ እጁን አጣጥፎ ከላይዋ ቆሟል። ክፍሉ ሙሉ ማሽን፣ ሁሉም በርቷል፣ ሰው አልተቀመጠባቸውም። በየመስታወቱ ጥግ ላይ ሦስት ሰዓት ተኩል ይላል። ተስተካክሎላታል ብዬ ደስ አለኝ። ክፍሉም እንግዳ አልሆነብኝም፤ የገዛ ሳሎኔ የገባሁ መሰለኝ። ምሳውን አስቀምጬ ወጣሁ። ማታቱ ውስጥ ሆኜ ስትደውልልኝ ድምፅዋ ይቆራረጥ ነበር።

«እማዬ፣ እስከ ሰኞ ነው የሰጠኝ። ሰኞ ኮሌጁ እንደገና ቅሬታ ካሰማ አትምጪ ብሎኛል።»

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ጥፋቱ ከምንጩ እንደሆነ ልትፈትሽ ከቤቱ ማሽን ፊት ተቀመጠች። እኔ ጓዳ ድስት ጥጄ ነበር።

«ስንት ሰዓት ሆነ?» አልኋት።

«ስምንት ተኩል» አለች ማሽኑን እያየች። ከዚያ «ቆይ፣ ቆይ» አለች።

ምን ሆነች ብዬ ማማሰያውን እንደያዝሁ ወጣሁ። ስልኳን ከማሽኑ መስታወት ጎን ይዛዋለች። ስልኳ ሁለት ሰዓት ተኩል ይላል፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር። ማሽኑ ስምንት ተኩል፣ በእኛ።

«እማዬ፣ ኮሌጁን በሙሉ ብራዚል ወስጄዋለሁ!»

በሳቅና በልቅሶ መካከል ሆና አስረዳችኝ። ማሽን የተቀመጠበትን አገር ይነግሩታል፤ ሰዓቱን ከዚያ ያሰላል። ወንድ ልጄ ይህን ማሽን ብራዚል ነህ ብሎ አታልሎት ነበር፤ የዚያ አገር ሰዓት ከእኛ አቆጣጠር ጋር ይገጥማል። ለእኔ ብሎ ነው። ስድስት መቀነስና መደመር ሁልጊዜ ያምታታኛል፤ አንድ ጊዜ የሐኪም ቀጠሮ አሳልፌበታለሁ። «ከእንግዲህ አትቀንሺ፣ እማዬ፤ እሱ ይቀንስልሽ» ብሎኝ ነበር። የናይሮቢን ሰዓት በእጅ ሲያስገድዱበት ውስጡ የያዘው ጊዜ ከኢንተርኔቱ ጋር አይስማማም፤ ስለዚህ ሰው አያስገባም። ትክክለኛውን ጊዜ ሲያገኝ ደግሞ ወደ ብራዚሉ ይመለሳል።

«እንዴት እስከ ዛሬ አላየሽውም?» አልኋት።

«ኮሌጅ በእንግሊዝኛ ነው የማስበው። እዚህ ስገባ በአማርኛ። ይሄ ሰዓት አንድም ቀን ስሕተት መስሎኝ አያውቅም፤ የቤታችን ሰዓት ነዋ!»

ድስቱ አረረብኝ። ልጄ ሌላ ነገር እያወራች ነበር፤ እኔ የማስበው ያን ክፍል ነው። በዚያ ሁሉ ማሽን ውስጥ ያለው የወንድ ልጄ ሐሳብ ነበር፣ እናቴ እንዳትቸገር ያለው።

«ቀላል ነው?» አልኋት።

«አንድ መስመር ትእዛዝ ነው። ከአንድ ቦታ እልከዋለሁ፣ ሁሉም በአንዴ ይቀየራሉ።»

«በአንዴ?»

ቀና ብላ አየችኝ። «እማዬ፣ ሥራዬ ነው።»

«ምን አልሁሽ? ላኪው እንጂ» አልኋት።

ለአለቃዋ እውነቱን እንዳትነግረው ለመንኋት፤ የአበሻ ሰዓት ጭና መጣች ብሎ ያባርራታል ብዬ ፈራሁ። እሷ ግን ሰኞ ጠዋት ነገረችው። እሱ «ሾሾም እንዲሁ ነው የምትቆጥረው!» ብሎ በስዋሂሊ ሰዓት የምትቆጥረውን አያቱን እያነሣ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ትቶ «ሁለተኛ ከቤት ማሽን ኢሜጅ አትሥሪ። እስከ ምሳ ድረስ ቅሬታ ካልመጣ እናያለን» አላት።

እስከ ምሳ ድረስ ላቪንግተን ያለውን የሰው ወጥ ቤት ሁለት ጊዜ ወለወልሁት። ስልኬ ሲጠራ እጄ ርጥብ ነበር።

«እማዬ፣ ፈረመልኝ! ቀረሁ!»

ተመስገን አልሁ። ከልቤ ነው፤ ወንበር ስቤ ተቀመጥሁ። ከኋላዋ የተማሪዎች ጫጫታ ይሰማል።

«ሁሉም እሺ አሉ?»

«ሁሉም።»

«ወደ ኋላ የተመለሰ የለም? አንድም?»

«አንድም፣ እማዬ።»

ደስ ብሎኛል ልላት ፈልጌ አፌ ሌላ ተናገረ። «እስቲ ደግመሽ እያቸው።»

አየኋቸው እኮ አላለችኝም። ስልኩን ሳትዘጋ መራመድ ጀመረች። በረድፎቹ መካከል ቀስ ብላ ስትሄድ የጫማዋ ድምፅ ይሰማኛል፤ ቆም ትላለች፣ ትቀጥላለች፣ እንደገና ቆም ትላለች።

«በእሱ ሰዓት የቀረ የለም» አለችኝ መጨረሻው ረድፍ ላይ ስትደርስ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።