ባዶ የቀሩት ስልሳ አራት ጥያቄዎች

በሸዋ ሮቢት ዙሪያ አብዱልመጂድን የማያውቅ ካለ እንግዳ ነው። ሰውዬው ማሾና ሽንኩርት የሚያመርት ገበሬ ነው፤ ሀብት የለው፣ ሹመት የለው። ስም ያወጣለት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያላየውን አየሁ አይልም። ሽማግሌዎች ለምስክርነት ሲጠሩት ያየውን ይናገራል፤ ካላየ «አላየሁም» ብሎ ተነሥቶ ይሄዳል። የዛሬ አራት ዓመት የገዛ ወንድሙ ሙዐዊያ በድንበር ተካሶ፣ «ድንጋዩ ድሮ እዚህ ነበር በልልኝ፤ ምን አለበት፣ አንዲት ቃል ናት!» ብሎ ቢለምነው፣ በሰው ሁሉ ፊት ቆሞ «ወላሂ አላየሁም» አለ። ሙዐዊያ መሬቱን አጣ። ይኸው እስከ ዛሬ ለዒድ እንኳን ደጁን አይረግጥም። አብዱልመጂድ ተጸጽቶ እንደሆነ ለማንም አልተናገረም።

ይህ ሰው ነው እንግዲህ ለእህቱም ቃል የሰጠው። ታናሽ እህቱ ሐምዲያ ጅዳ ከከተመች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የቤት ሠራተኛ የሚፈልጉ ደህና ሰዎች አገኘሁ፣ ኑርሃንን ላክልኝ ብላ ወጥራ ያዘችው። ኑርሃን ልጁ ናት፤ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሳለች፤ ከዩኒቨርሲቲ ሌላ አታሰሙኝ ብላለች። እሱም መሃል ቤት ተይዞ፣ «ሞዴል ፈተናው ይምጣ። ከስድስት መቶው ሦስት መቶ፣ ማለፊያውን፣ ካመጣች ትማራለች፤ ካላመጣች ትመጣልሻለች» አለ። ሐምዲያም እስከ ጁምዓ ቁርጡን ንገረኝ አለችው።

ውጤቱ ሐሙስ ጠዋት ወጣ። ሁለት መቶ ስልሳ አራት።

ኑርሃን ወረቀቱን ለአባቷ ሰጥታ ጓዳ ገባች። አላለቀሰችም፤ ልብሷን ታጣጥፍ ጀመር። አባቷ ቃሉን እንደማያጥፍ ከእሷ በላይ ማን ያውቃል? ብትጮህበት ይሻለው ነበር።

«ምነው እንዲህ ተገትረህ ቀረህ?» አለችው ሚስቱ ሰሊማ። «ሄደህ መምህሩን እንኳ አትጠይቅም? ልጅህ እኮ ናት!»

ባጃጅ ይዞ ከተማ ወረደ። የፊዚክስ መምህሯ ካሳሁን ከትምህርት ቤቱ ግቢ የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ወንበር ሳበለት። ሙቀቱ አይጣል ነው።

«መምህር፣ እኛ ማሾ ስንሸጥ» አለ አብዱልመጂድ፣ «ነጋዴው ከጆንያው አንድ እፍኝ ያወጣና ያየዋል። እፍኙ ነቀዝ ካለው ጆንያውም አለው። ይሄ ሞዴል የምትሉት እፍኙ አይደለም?»

«አይደለም፣ ጋሼ። ጆንያ የገባማ አለቀለት። የእርስዎ ልጅ ገና ማሳ ላይ ናት። ይሄ ወረቀት አረሙ የት እንደበዛ የሚያሳየን ነው።» ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘረጋው። «ይኸውልዎ፣ ባዮሎጂ ሃምሳ ስምንት፤ ምንም አይወጣላትም። እንግሊዝኛ፣ ኬሚስትሪና አፕቲትዩድ ግማሹ ደጃፍ ላይ ናቸው። የጎዷት ሁለቱ ናቸው። ሒሳብ ሠላሳ አራት፣ የእኔው ፊዚክስ ሠላሳ ሁለት።»

«ስለዚህ አትችልም።»

«ቆይ፣ አይቸኩሉ። እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር፤ የመልስ ወረቀቷን እስካይ ድረስ።» በትናንሽ ክቦች የተሞላ ወረቀት አወጣ። ከየጥያቄው ፊት አንዱ ክብ በእርሳስ መጥቆር አለበት። ብዙዎቹ ግን እንዳሉ ነጭ ናቸው። «ስልሳ አራት ጥያቄ ባዶ ትታለች። ጊዜ አጥሮሽ ነው? ብላት አይደለም አለች። ታዲያ ምነው? ብላት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ‹ያላወቅሁትን እንዳወቀ ሰው እንዴት አጠቁራለሁ? አባቴ እንዲህ አድርጎ አላሳደገኝም።›»

አብዱልመጂድ ወረቀቱን ተቀብሎ ነጮቹን ክቦች አያቸው። በወንድሙ ፊት የቆመባት ያቺ ቀን ትዝ አለችው። ያኔ ኑርሃን ከሴቶቹ መሃል ቆማ ነበር።

«ብትሳሳት ይቀነስባታል?» አለ በመጨረሻ።

«ኧረ ምንም! ካራቱ ምርጫ አንዱ ልክ ነው፤ እያንዳንዱ ጥያቄም አንድ ተኩል ነጥብ ግድም ይይዛል። በግምት ብቻ እንኳ ብታጠቁር ወደ ሃያ አምስት ነጥብ ታገኛለች። ዋስትና የለውም፤ ግን ባዶው ዜሮ ነው። ወደ ሦስት መቶ የሚጎድላት ሠላሳ ስድስት ነው። የቀረውን ዐሥራ አንድ ዋናው ፈተና እስኪደርስ ባለው ሰባት ሳምንት እኔና እሷ ከሒሳብና ከፊዚክስ እንለቅመዋለን። ቅዳሜና እሑድ ትላክልኝ፤ ያለፉትን ዓመታት ፈተና እያሠራሁ አያታለሁ።»

«መገመቱስ? ውሸት አይሆንባትም?»

«ጋሼ፣ ፈተናው የሚላት ምረጪ ነው፤ መሐላ ግቢ አይደለም። ምስክር አድርጎ የጠራት የለም።»

አብዱልመጂድ ተነሥቶ መምህሩን በሁለት እጁ ጨበጠው። ወደ ቤት ሲመለስ የባጃጁ ነጂ ቢያወራው ቢያወራው አንድም አልሰማ። ልጁ ተምራ ያልተሳካላት ቢሆን አንድ ነገር ነው። ያባቷን ስም ላለማጉደፍ ብላ ባዶ በተወችው ባሕር ልትሻገር ነው እንዴ?

በማግሥቱ ከጁምዓ ሶላት እንደተመለሰ ሐምዲያ ደወለች። ድምፁን ከፍ አድርጎ ስልኩን መደቡ ላይ አኖረው።

«እሺ ወንድሜ፣ ሦስት መቶውን ሞላች?»

«አልሞላችም።»

«አልሐምዱሊላህ፤ እንግዲያው ለሰዎቹ ልንገራቸው። ቃልህን መቼም አውቀዋለሁ።»

«ቃሌን አጥፌያለሁ። አትመጣም፤ ትፈተናለች።»

ከጓዳ የእግር ኮቴ ተሰማ።

«አንተ? አንተ ቃልህን?» አለች ሐምዲያ። «ሐምሌ ላይ ብትወድቅስ?»

«ታልፋለች።»

«እንዴት አወቅህ? አይተሃል?»

አብዱልመጂድ በላብ የራሰ ግንባሩን በመዳፉ ጠረገ። ሙዐዊያ ይህን ቢሰማ ምን ይል ይሆን?

«አላየሁም» አለ። «ታልፋለች አልኩሽ።»

ኑርሃን የታጠፈ ቀሚስ በእጇ እንደያዘ ከጓዳው በር ላይ ቆማ ነበር። ሐሙስ ያላለቀሰችው ልጅ እዚያው ደፉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።