ጭራ የሌለው ማሲንቆ

አጎቴ «ጎበዝ ነዎት!» ላላቸው ሁሉ መልሳቸው አንድ ነበር፦ «ሰምተህ ነው?» ዕድሜያቸውን ሙሉ ማሲንቆ ሲጫወቱ ኖረው ባለፈው ወር ኩታበር ቀበርናቸው።

ከዓመታት በፊት የደሴው አዳራሽ በየሳምንቱ ሙዚቃ ያሰማ ነበር፤ አንዴ በገና፣ አንዴ መንዙማ፣ አንዴ ኦርጋን የያዘ ዘመናዊ ባንድ። የእሳቸው ተራ ሲደርስ አዘጋጁ፣ «አባባ፣ የአምባሰሉ ዜማ ከካሴት ይወጣል፤ እርስዎ የሚጫወቱ ይምሰሉ» አላቸው።

ማሲንቆአቸውን ይዘው መድረክ ላይ ወጥተው ተቀመጡ። ካሴቱ ሲጀምር የማሲንቆውን ጭራ ቀስ ብለው ፈቱና ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱት። ባዶውን እንጨት ታቅፈው ቁጭ አሉ። አምባሰሉ ግን ቀጠለ። ሲያልቅ፣ ዓይናችን እያየ፣ ጭብጨባው ቀለጠ። ከሁሉ አብልጬ ያጨበጨብኩት ደግሞ እኔ ነበርኩ።

ከአዳራሹ ወጥተን ሰኞ ገበያ ከሚባለው ሰፈር ደረስን። ከዚያ እጄን ያዙና በጭብጨባ የቀላውን መዳፌን ገልብጠው አዩት።

«ሰምተህ ነው?»

ትናንት እዚያው አዳራሽ መታሰቢያ ተደረገላቸው። አዘጋጆቹ ማሲንቆውን ወንበር ላይ አስደግፈው ያንኑ ካሴት ከፈቱ፤ ሰዉም አጨበጨበ። ጭራውን ጠዋት ፈትቼ ኪሴ ከትቼው ነበር። ያየ የለም፤ የጠየቀም የለም።