የዓርቡ ቅጂ

ባሌ ዓባይነህ ጠርጣራ ሰው ነው። በር ቆልፎ ከወጣ በኋላ ተመልሶ ይገፋዋል። ሰበታ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የኮምፒውተር ሠራተኛ ነው፤ ከሥራ ሲመለስ ደግሞ የእድራችንን ሰርቨር ይጠብቃል። ሰርቨሩ ያለው እድሩ ዕቃ ቤት፣ በድንኳኑና በድስቶቹ መሃል ነው። የአባላቱ ስምና ስልክ እዚያ ውስጥ አለ፤ ሰው ሲሞት ለሰፈሩ ሁሉ መልእክት የሚልከውም እሱ ነው። የሚሠራው ዩኒክስ በሚባል ሲስተም ነው ይለኛል፣ እኔ ምን ገዶኝ። አንድ ነገር ከማሻሻሉ በፊት ፕሮግራሙን ያቆማል፣ ዳታውን ሌላ ዲስክ ላይ ይገለብጣል፣ ቅጂው በትክክል መከፈቱን ያያል። «ለኔም እንዲህ ብትጨነቅልኝ» እለው ነበር። ይስቅ ነበር።

ያን ሰሞን መልእክቱ ለግማሹ ሰው እየደረሰ ለግማሹ እየቀረ አስቸገረ። እሁድ አዲስ ፕሮግራም ሊጭን ወስኖ ዓርብ ዕለት ቅጂ ወሰደ። ቅዳሜ ጂሬኛ ሞተ። የጎረቤታችን የአዴ በቀለች አንድያ ልጅ ነው፣ ሹፌር ነበር፤ ከተጂ ከተማ ወዲህ መኪናው ተገለበጠ።

አዴ በቀለች ደም ግፊት አለባቸው። እህታቸው እስኪደርሱ ተደብቆ፣ መርዶው ሰኞ ንጋት ላይ በሽማግሌ እንዲነገራቸው ተወሰነ። የእድሩ ሰብሳቢ ኦቦ ዋቆ ዓባይነህን ጠርተው «የአዴን ስልክ ከውስጡ አውጣ፣ መልእክቱ እንዳይደርሳቸው። አዲሱንም ጫነው፣ ቀብሩን የማይሰማ ሰው እንዳይኖር» አሉት። ቁጥሩን አወጣ። ያ ጠርጣራ ሰው ግን በለቅሶው ሩጫ መሃል አዲስ ቅጂ መውሰድ ትዝም አላለው።

ሰፈሩ በሙሉ አፉን ዘጋ። እሁድ ጠዋት በአጥር በኩል «አካም ቡልተን፣ አዴ?» ብዬ እንዴት እንዳደሩ ጠየቅኳቸው።

«ጂሬኛ ሳይደውል አያድርም ነበር» አሉኝ።

«ኔትወርክ ነው» አልኳቸው። ሌላ ምን ልበል?

አዲሱ ፕሮግራም አልነሳ አለ። ዓባይነህ ምን ቸገረው፣ ቅጂ አለው፤ የዓርቡን መለሰ። ቤት ሲገባ ደስ ብሎት «አንድ ሰው እንኳን አልጎደለም» አለኝ። ኦቦ ዋቆ የቀብሩን መልእክት ላኩ፤ የሁለታችንም ስልክ ጮኸ። ቀጥሎ ከአጥሩ ማዶ ሌላ ስልክ ጮኸ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ ለባሌ የገባው። ቅዳሜ ያወጣው ቁጥር ከዓርቡ ቅጂ ጋር ተመልሶ ገብቷል። ፊቱ አመድ መሰለ።

አዴ በቀለች ማንበብ አይችሉም። ስልካቸውን ይዘው መጡ።

«ዓባይነህ ልጄ፣ የጂሬኛ ይሆናል። አንብብልኝ።»

ተቀብሎ ብዙ አየው። «የእድር ስብሰባ ነው፣ ነገ» አላቸው።

«ተመስገን። ሰው የሞተ መስሎኝ» ብለው ወጡ። ባሌ እዚያው ቆሞ ቀረ፤ እራት አልበላም።

ንጋት ላይ ሽማግሌዎቹ ሲገቡ እሱም ከኋላቸው ነበር። ተነገራቸው። እሪ ከማለታቸው በፊት ያዩት እሱን ነው። ያ አስተያየት እስካሁን ቤታችን ውስጥ አለ። ስልክ በጮኸ ቁጥር ባሌ ይደነግጣል፣ እኔም እሱን አይቼ እደነግጣለሁ። ጠላሁት ያንን ድምፅ።

ከአርባው በኋላ ይቅርታ ሊጠይቃቸው አብረን ሄድን። የዓርቡንም የቅዳሜውንም አንድ ሳያስቀር ነገራቸው። ሰምተው ጠየቁት።

«በዚያ በዓርቡ ውስጥ ልጄ አለ?»

«አለ፣ አዴ። ስሙም ስልኩም።»

«በሕይወት?»

«አዎ» ያልኩት እኔ ነኝ።

«እንግዲያው አታጥፋው» አሉት።

አላጠፋውም። ዲስኩ ሲሞላ የሌላውን ቀን ይደመስሳል እንጂ ዓርብን አይነካም። አዴ በቀለች ዛሬም መልእክት በመጣላቸው ቁጥር ስልካቸውን ይዘው እሱ ጋ ይመጣሉ። ያነብላቸዋል። ሲጨርስ ዓይን ዓይኑን እያዩ «የተጻፈውን ነው ያነበብክልኝ?» ይሉታል።